አመጡን ወይስ መጣን? ከባቡር ሙዚየም ይዘነው የተመለስነው ጥያቄ

 

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ባቡር ነው። «ስለ ባቡር ደግሞ ምን ይወራል?» እንዳትሉኝ፤ ዞሮ ዞሮ ወደ እኛው ነው የሚመለሰው። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆነ ከሀገር ቤት የምታነቡ ዘመዶቼ እንዳትደናገሩ አደራ።

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ሖፌሽ ጋዶል (ትልቁ የትምህርት ቤት ዕረፍት) ገብቶ ልጆቹ ከስልክና ከቴሌቪዥን ጋር ተጣብቀው ሲውሉ ቤቱ ጠበበን። ትንሹ ልጄ ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ባቡር ሲባል ነፍሱን አያውቅም። ስለዚህ አንድ ቀን «ሃይፋ ያለውን የባቡር ሙዚየም ላሳያችሁ» አልኳቸው። እናቴንም «እማዬ፣ ነይ አብረን እንሂድ» አልኳት።

«ምን ልታሳዪኝ ነው?»

«አሮጌ ባቡር።»

«ለአሮጌስ እኔም አለሁ» ብላ ሳቀች።

እንደ ብዙዎቹ ትልልቆቻችን እናቴም እንዲህ ያለ ቦታ ለእሷ የተሠራ አይመስላትም። ሙዚየም የልጆችና የተማሩ ሰዎች ነው ትላለች። በግድ ነው ያስነሳኋት። ስትነሳ ግን እንደ ልማዷ ዳቦና ቆሎ በፌስታል ቋጥራ፣ ውሃ ይዛ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ነው። ትልቋ ልጄ «ሃይፋ እኮ ቅርብ ነው፣ እዚያ ይገዛል» አለቻት። እናቴ «መንገድ መንገድ ነው፤ ስንቅ አይናቅም» ብላ ፌስታሉን ያዘች።

የምንኖረው አፉላ ነው። አሁን ከአፉላ ሃይፋ በባቡር ይኬዳል፤ ከአንድ ሰዓት በታች ያደርሳል። ይህ የዔመቅ ባቡር የተከፈተው በ2016 ነው፤ መንገዱ ግን ከዚያ በፊት የነበረ ነው። በ1905 የቱርክ መንግሥት ከሃይፋ ተነስቶ በኢይዝራኤል ሸለቆ አልፎ፣ ከቤት ሸአን ወዲያ ያርሙክን ወንዝ ተሻግሮ እስከ ደርዓ ሶርያ የሚደርስ ሐዲድ ዘርግቶ ነበር። በ1946 በያርሙክ ላይ ያለው ድልድይ በፈንጂ ፈረሰ፤ ከ1948ቱ ጦርነት በኋላም መስመሩ ሞቶ ለብዙ አሥርት ዓመታት ቀረ። ዛሬ ሰው እየተሳፈረበት ስልኩን የሚነካካበት መስመር አንድ ጊዜ ሞቶ የተነሳ መስመር ነው ማለት ነው።

እናቴ መስኮቱ ዳር ተቀምጣ ሜዳውን ስታይ ቆየችና «ደምቢያን ይመስላል» አለች። ከዚያ ዝም። እኛም ዝም አልን።

ሃይፋ መርከዝ ሃሽሞና ወርደን ጥቂት በአውቶቡስ ሄድን። ሙዚየሙ ያለው ሃይፋ ምሥራቅ በሚባለው በአሮጌው ጣቢያ ግቢ ውስጥ ነው። ይህ ጣቢያ ያ የድሮው የዔመቅ ባቡር የሚነሳበት ነበር። ለባቡሩ መታሰቢያ በሱልጣን አብዱልሐሚድ ዘመን የቆመው የድንጋይ ዓምድ እዚያው አካባቢ ይገኛል። ሙዚየሙ ራሱ የተከፈተው በ1983 ነው። ይህችን ዓመት ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

ውስጡ ምን አለ? የድሮ ቲኬት፣ የድሮ የሰዓት ሰሌዳ፣ የጣቢያ ደወልና ፋኖስ፣ ፎቶግራፍ። ውጭ ደግሞ ባቡሮቹና ፉርጎዎቹ ቆመዋል። ጀርመን ሀገር የተሠራች ትንሽ የእንፋሎት ባቡር አለች፤ በድሮው በሂጃዝ ሐዲድ ላይ ትሠራ የነበረች ናት። ልጄ እሷን ሲያይ ከእጄ አምልጦ ሮጠ። በእንግሊዞች ዘመን ለትልልቅ ባለሥልጣናት የተሠራ ሰረገላም አለ፤ እንደ ሳሎን ቤት ነው።

እኔን በጣም ያስደነቀኝ የሐዲዱ ስፋት ነው። የቱርኮቹ የሂጃዝ ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ከአምስት ሳንቲ ነው። ኋላ የመጣውና ዛሬ ያለው ሐዲድ ደግሞ አንድ ሜትር ከአርባ ሦስት ሳንቲ ተኩል ነው። የአንዱ ባቡር በሌላው ላይ አይሄድም። ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ዕቃው ከአንዱ ወርዶ በሌላው ላይ ይጫናል። ለዚህ ሥራ ተሸካሚ ያስፈልጋል። ይህንንም ያዙልኝ።

ሌላም ነገር ገባኝ። የዚህች ሀገር የድሮ ባቡሮች ከሃይማኖት ጋር የተያያዙ ናቸው። የመጀመሪያው መስመር ከያፎ ኢየሩሳሌም የሚወጣው ሲሆን በ1892 ተከፈተ። ፈቃዱን ከቱርክ መንግሥት ያወጣው የኢየሩሳሌሙ አይሁዳዊ ዮሴፍ ናቮን ነው። ያ ባቡር ከባሕር የሚወርደውን ተሳላሚ ሁሉ ወደ ቅድስቲቱ ከተማ ያወጣ ነበር። የሂጃዙን ባቡር ደግሞ ሱልጣኑ በ1900 ያስጀመረው በተለይ ሙስሊም ተሳላሚዎችን ከደማስቆ ወደ መዲና ለመውሰድ ነው፤ በ1908 መዲና ደረሰ። ስለዚህ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የአውሮፓ አይሁዳዊውም ወደ ቅዱስ ቦታው የሚሄድበት ብረት ነበረው።

ለእናቴ ይህን ሁሉ እየተረጎምኩ ስነግራት አንድ ነገር ትዝ አለኝና «እማዬ፣ ጃንሆይም እኮ በዚህ ሀገር ባቡር ሄደዋል» አልኳት። እውነት ነው። ጣልያን አዲስ አበባ ሊገባ ሲል በሜይ 2 ቀን 1936 ንጉሡ ከአዲስ አበባ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጡ። ከዚያ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው በሜይ 8 ሃይፋ ወደብ ወረዱ፤ ከሃይፋም በባቡር ኢየሩሳሌም ገቡ። በባቡር ወጥተው በባቡር ኢየሩሳሌም ደረሱ ማለት ነው።

እናቴ አሰብ አደረገችና እንዲህ አለች፦ «የእሳቸው መንገድ ነው የከፋው። እሳቸው ሀገራቸውን ጥለው ነው የመጡት። እኛ ወደ ሀገራችን ነው የሄድነው።»

ያኔ ነው ትንሹ ልጄ ከባቡሯ አጠገብ ተመልሶ መጥቶ የጠየቃት። «ሳፍታ፣ አንቺ በየትኛው ነው የመጣሽው?» በዕብራይስጥ ነው የጠየቀው። እኔ ሳልተረጉም ትልቋ ቀደመችና «በባቡር አይደለም! እሷን በአውሮፕላን ነው ያመጧት» አለችው።

እናቴ ዕብራይስጥ አትናገርም እንጂ ብዙውን ትሰማለች። ቀና ብላ አየቻት። «አመጡኝ? ማን ነው ያመጣኝ? እኔ መጣሁ እንጂ።»

ከዚያ የጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አለች፤ እኛም አጠገቧ ተቀመጥን። ቆሎውን ከፈተች። እኔ ከእናቴ አፍ ሰምቼው የማላውቀውን ያህል በዚያች ሰዓት ሰማሁ።

ከወገራ የወጡት በ1984 ነው። ይህ ሙዚየም በተከፈተ በዓመቱ ማለት ነው። እዚህ ሰዎች አሮጌ ባቡር እየወለወሉ ለትውልድ ሲያስቀምጡ፣ እዚያ እናቴ እኔን በጀርባዋ አዝላ በሌሊት ከመንደር ትወጣ ነበር። በቀን ጫካ ውስጥ ተደብቆ መዋል፣ ሲመሽ መነሳት። በአርማጭሆ በኩል፣ ከሳንጃ በታች፣ ከተማ ከተማውን እየሸሹ ወደ ሱዳን። ሽፍታው አለ፣ የመንግሥት ወታደር አለ፣ መንገድ መሪውም አንዳንድ ቦታ ሲደርስ ተጨማሪ ብር ካልሰጣችሁኝ አልሄድም ይላል። ሰንበት ሲሆን ሽማግሌዎቹ «እንረፍ» ይላሉ፤ መሪው «ብትቆሙ ትያዛላችሁ» ይላል። አንዱን ሰንበት ቆመው አረፉ፤ ሌላውን ግን ነፍስ ለማዳን እያለቀሱ ተጓዙ። ይህን ስትናገር እስካሁን የበደለች ይመስል ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች።

አባቴ በእግሩ ያደረገው በረባሶ ነበር። ለማታውቁት ልጆች፣ በረባሶ ማለት ከአሮጌ የመኪና ጎማ ተቆርጦ የሚሠራ ጫማ ነው። እናቴ ይህን ስትናገር ሳቀች። «ይኸው እኛም መኪና ነበረን። ጎማው እግራችን ላይ፣ ሞተሩ ልባችን።»

ልጄ «ባቡርስ?» ብሎ ጠየቃት፤ እሱ እንደሆነ ልቡ ባቡር ላይ ነው። እናቴም «ባቡርማ የሰማሁት ገዳሪፍ ነው» አለችው። ተዋዋ የሚባለው የስደተኞች መጠለያ ከገዳሪፍ ከተማ አጠገብ ነው። ሌሊት የባቡር ጩኸት ትሰማ ነበር። ባቡር አይታ አታውቅምና ምን እንደሆነ አንዷን ሴትዮ ጠየቀች። ሴትዮዋም «ሰው የሚጭን ብረት ነው» አለቻት። እናቴ ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ያ ብረት እኛን ኢየሩሳሌም ሊወስድ የመጣ እየመሰላት፣ በጮኸ ቁጥር ነጠላዋን ትሰበስብ ነበር። ታናሽ እህቷ አጠገቧ በሽታ ጥሏት ተኝታለች። «ተነሽ፣ መጡልን» ትላታለች። ብዙ ሌሊት እንዲህ አለቻት። አንድ ሌሊት ባቡሩ ጮኸ፤ አክስቴ ግን አልሰማችም። እዚያው ቀረች።

ልጆቹ ዝም አሉ። ትልቋ ልጄ «ኢማ፣ ይህን ለምን አልነገርሽኝም?» አለችኝ። ምን ልመልስላት? እኔም አላውቅም ነበር። አክስት እንደነበረችኝ አውቃለሁ፤ የባቡሩን ነገር ግን አልሰማሁም። አልጠየቅኩም፣ አልነገረችኝም። ባቡሩ ባይቆም ኖሮ አፏም ባልተከፈተ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን የጻፍኩት ለማስለቀስ አይደለም። ከእናንተ ውስጥ ከዚህ የባሰ ያለፈ ብዙ ሰው አለ። የጻፍኩት ስለዚያች አንዲት ቃል ነው፦ «ያመጧት» ስላለችው።

ልጄ አልዋሸችም። የተማረችው ያንን ነው። ስለ እኛ ሲነገር ሁልጊዜ የሚታየው ሥዕል አውሮፕላን ነው። ስለ ዘመቻ ሙሴ ሲነገር አውሮፕላን፣ ስለ ዘመቻ ሰሎሞን ሲነገር ወንበሩ የተነቀለለት አውሮፕላን። እኛም ራሳችን እንዲሁ ነው የምንናገረው። «መቼ መጣችሁ?» ስንባል «በ84 አመጡን»፣ «በ91 አመጡን» እንላለን። አፋችን ለምዶታል።

እኔ ውለታ አልክድም፤ እግዚአብሔር ይጠብቀኝ። በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ በዘመቻ ሙሴ ወደ 8,000 የሚጠጉ ሰዎች ከሱዳን ወጥተዋል። ከዚያ በፊት በቀይ ባሕር ዳር በድብቅ በጀልባ ወደ መርከብ የተጫኑ አሉ። በሜይ 1991 በዘመቻ ሰሎሞን በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ወጣ፤ አንዱ አውሮፕላን ብቻውን ከአንድ ሺህ ሰው በላይ ይዞ ተነሳ። ያ ዘመቻ የዋለው አርብና ቅዳሜ ነው። ዛሬ ባቡሩ በሰንበት የሚቆምባት ሀገር ያን ዕለት ነፍስ ለማዳን አውሮፕላኖቿን በሰንበት አበረረች። እነዚያን አብራሪዎችና መርከበኞች፣ በድብቅ የሠሩትንም ሁሉ እግዚአብሔር ይባርካቸው። ይህ ሁሉ እውነት ነው።

ግን እውነቱ ግማሽ ነው። አውሮፕላኑ ካርቱም ሲደርስ እናቴ እዚያ ምን ትሠራ ነበር? ማን አደረሳት? እግሯ ነው ያደረሳት። አውሮፕላኑ የቆየው ሰዓታት ነው፤ እግሯ የሄደው ሳምንታት ነው፤ የቆየችበት ደግሞ ወራት ነው። በመንገድና በሱዳን መጠለያዎች የሞቱት ወደ 4,000 ይጠጋሉ ተብሎ ይነገራል። እነሱን ማንም አላመጣቸውም፤ እነሱ ግን መጥተዋል። «አመጡን» ስንል እነሱን ከታሪኩ እናወጣቸዋለን። በሄርጽል ተራራ ላይ መታሰቢያ የቆመላቸው በመንገድ ላይ ስለቀሩ ነው፤ እየመጡ ነበርና።

በአዲስ አበባ በኩል የመጣችሁ ደግሞ «እኛስ በእግር አልመጣንም» ትሉ ይሆናል። ከጎንደር ቤታችሁን ሸጣችሁ፣ ከብታችሁን ጥላችሁ፣ ልጅ ይዛችሁ አዲስ አበባ የወረዳችሁት ማን ተሸክሟችሁ ነው? በኪራይ ጎጆ ወራት ጠብቃችሁ፣ ስንት ልጅ ቀብራችሁ ነው አውሮፕላኑ የመጣው። ያም መምጣት ነው። ዛሬም በጎንደርና በአዲስ አበባ ዓመታት ሲጠብቁ የቆዩ ወገኖቻችን አሉ። እነሱም «እስኪያመጧቸው» የተቀመጡ አይደሉም፤ ከመንደራቸው ከተነሱ ቆይተዋል፣ በመንገድ ላይ ናቸው።

«ይህ የቃል ጨዋታ ነው፤ አመጡን አልን መጣን አልን ምን ለውጥ አለው?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ለትልቅ ሰው ለውጥ ላይኖረው ይችላል። ለልጅ ግን አለው። «አያቶቼን አመጧቸው» ብሎ የሚያድግ ልጅ ቤተሰቡን እንደ ዕቃ ያስባል፤ ዕቃ ይጫናል፣ ይወርዳል፣ አመሰግናለሁ ይላል፣ የተቀመጠበት ይቀመጣል። «አያቶቼ መጡ» የሚል ልጅ ግን ራሱን እንደ መንገደኛ ልጅ ያስባል፤ አስበው፣ መርጠው፣ ዋጋ ከፍለው ከመጡ ሰዎች የተወለደ። በትምህርት ቤት ወይም በሠራዊት ውስጥ አንዱ ተነስቶ «እናንተን እኮ እኛ ነን ያመጣናችሁ» ቢለው፣ አንገቱን የሚደፋውና ቀና ብሎ በፈገግታ የሚመልሰው ልጅ ልዩነታቸው ይህች ቃል ናት።

ይህ መምጣት ደግሞ የጀመረው በእናቴ ዘመን አይደለም። በ1862 አባ መሐሪ የሚባሉ መነኩሴያችን ሕዝብ አስከትለው በእግራቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተነስተዋል። ቀይ ባሕርን እንደ ሙሴ ዘመን እንሻገራለን ብለው ነው። ትግራይ ላይ በረሃብና በበሽታ ብዙው አለቀ፤ የተረፈውም ኢየሩሳሌምን አላየም። ልብ በሉ፣ የያፎ ኢየሩሳሌም ባቡር የተከፈተው ከዚያ ሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። የዚህች ሀገር ሐዲድ ሳይዘረጋ የእኛ ሰው ጉዞ ጀምሯል። በሙዚየሙ ውስጥ ካለው ብረት ሁሉ የእኛ እግር ይቀድማል ማለቴ ነው።

እዚያው ሃይፋ ውስጥ ሌላም ሙዚየም አለ፤ በእንግሊዞች ዘመን ከአውሮፓ በድብቅ በባሕር ስለመጡት አይሁዳውያን የሚናገር። ከመርከቦቻቸው አንዷን «አፍ ዓል ፒ ኼን» የምትባለውን ደረቅ መሬት ላይ አውጥተው አቁመዋታል። ልጅ ገብቶ ያያታል፣ ይነካታል። እነሱ በመርከብ ስለመጡ መርከባቸው ቆመችላቸው። በእግር የመጣ ሰውስ ምን ያቆማል? እግር አይቀመጥም። የአባቴ በረባሶ ብትኖር ኖሮ ዛሬ መስታወት ውስጥ አስቀምጣት ነበር። አባቴ ግን መርከዝ ክሊታ ገብተን አዲስ ጫማ ሲሰጠው በደስታ አውጥቶ ጣላት። ማን ይፈርድበታል? እኔም ብሆን እጥላት ነበር። አሁን አባቴም የለም፣ በረባሶውም የለም። የመጣበትን መንገድ በራሱ አፍ የነገረኝ አሥር ዓረፍተ ነገር አይሞላም። ያንን ማንም አልወሰደብኝም፤ እኔው ነኝ ያልጠየቅኩት።

ያቺ የሄድንባት ሳምንት በምኩራብ የማስዔ ፓራሻ የሚነበብባት ሳምንት ነበረች። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 33 ላይ ያለው ነው። እስራኤል ከግብፅ ከወጡ ጀምሮ ዮርዳኖስ ዳር እስኪደርሱ የሰፈሩባቸው ቦታዎች አንድ በአንድ ተቆጥረዋል፤ ከዚህ ተነሱ፣ እዚያ ሰፈሩ፣ ከዚያ ተነሱ፣ እዚህ ሰፈሩ። 42 ሰፈሮች ናቸው ይባላል። ብዙ ሰው ይህ ሲነበብ ያንቀላፋል፤ እኔም አንቀላፍቻለሁ። ከሙዚየሙ በኋላ ግን ሌላ ሆነብኝ። ከእነዚያ ቦታዎች ብዙዎቹ ላይ ምን እንደሆነ እንኳ አልተጻፈም፤ ስማቸው ብቻ ነው ያለው። ይሁንና ሙሴ በእግዚአብሔር ትእዛዝ ጻፋቸው። እግዚአብሔር ከግብፅ ያወጣቸው እሱ ሆኖ ሳለ፣ መጽሐፉ እነሱ «ተነሱ»፣ «ሰፈሩ»፣ «ሄዱ» ይላል። ያወጣቸው እግዚአብሔር እንኳ የእግራቸውን ድርሻ አልወሰደባቸውም። በዘዳግም ደግሞ በአርባው ዓመት ጉዞ ጫማቸው በእግራቸው ላይ እንዳላረጀ ተጽፏል። ጫማ እንኳ በኦሪት ተጽፏል ወገኖቼ! እኛ የበረባሶውን ታሪክ ብንጽፍ ምን ነውር አለው?

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ትልቅ ሙዚየም ይሠራልን እያልን ስንጠብቅ አዛውንቶቻችን አንድ በአንድ እያለቁብን ነው። ሙዚየሙ ይሠራ፣ እኔም ደስ ይለኛል፤ ግን ከቤት እንጀምር።

አንደኛ፣ ሽማግሌዎቻችሁን ይዛችሁ ውጡ። «አይገባቸውም» አትበሉ፤ ከእኛ የበለጠ ይገባቸዋል። ቤት ውስጥ «ስለ ሱዳን ንገሪኝ» ብትሏት «ምን ይወራል ልጄ» ትላለች። የድሮ ዕቃ ፊት ስትቆም ግን ነገሩ ራሱ ያናግራታል። እናቴን ያናገራት ባቡር ነው። የእናንተን እናት ወፍጮ ያናግራት ይሆናል፣ ወይም የውሃ ጀሪካን።

ሁለተኛ፣ ሲናገሩ ቅዱ። ዛሬ በየኪሳችን የሚቀዳ ስልክ አለ። በአማርኛም ይሁን በትግርኛ፣ እንደ ተናገሩት ይቀመጥ። «ከየት ተነሳችሁ? ቀጥሎ የት አደራችሁ? ከዚያስ?» ብላችሁ እንደ ማስዔ በቦታ በቦታ ጠይቁ። ቦታው ሲጠራ ነገሩ ተከትሎ ይመጣል።

ሦስተኛ፣ የተረፈች ዕቃ ካለች አትጣሉ። በዘመቻ ሰሎሞን ቁጥር የተጻፈባት ወረቀት፣ የስንቅ ከረጢት፣ የቆየች ነጠላ። ለልጆቻችሁ ምን እንደሆነች ጽፋችሁ አስቀምጡ። እኛ ከሞትን በኋላ ምን እንደሆነች ካላወቁ እነሱም እንደ አባቴ በረባሶ ይጥሏታል።

አራተኛው ለእኔና ለእኩዮቼ ነው። ስለ ሁለቱ ሐዲድ ያልኳችሁን ታስታውሳላችሁ? የእናቴ አፍ በአንዱ ሐዲድ ይሄዳል፣ የልጆቼ ጆሮ በሌላው። አንዱ በሌላው ላይ አይሄድም። ዕቃውን ከአንዱ አውርዶ በሌላው የሚጭን ተሸካሚ ያስፈልጋል። ሁለቱንም ቋንቋ የምናውቅ፣ በጀርባ ታዝለን የመጣን፣ እኛ ነን ያ ተሸካሚ። እኛ ካለፍን በኋላ ይህን የሚሠራ የለም። እውነቱን ለመናገር «አመጡኝ» ማለት የሚገባኝ እኔ ብቻ ነኝ፤ ያመጣችኝም እናቴ ናት። ታዝዬ መጥቻለሁና አሁን የመሸከም ተራው የእኔ ነው።

ወደ ማታ ተመልሰን ባቡሩ ላይ ወጣን። ባቡሩ ውስጥ የጣቢያዎቹ ስም ይጠራል፦ ዮቅነዓም ክፋር የሆሹዓ፣ ሚግዳል ሃዔመቅ ክፋር ባሩኽ። ትንሹ ልጄ ከአያቱ አጠገብ ተቀምጦ «ሳፍታ፣ የአንቺስ ጣቢያዎች ምን ምን ነበሩ?» አላት። እሷም በጣቷ እየቆጠረች ነገረችው። ወገራ፣ አርማጭሆ፣ ስሙን የማታውቀው ወንዝ፣ ትልቁ ዋርካ ያለበት ቦታ፣ ውሃ ያጡበት ሜዳ፣ ተዋዋ፣ ካርቱም። እሱ በሙዚየሙ ወረቀት ጀርባ ላይ በዕብራይስጥ ፊደል ጻፈው። ተዋዋ ላይ ሲደርስ እርሳሱን አቁሞ «የአክስትሽ ስም ማን ነበር?» ብሎ እኔን ጠየቀኝ። ነገርኩት፤ ከጣቢያው ስም አጠገብ ጻፈው።

ወረቀቱ እስካሁን ቤታችን አለ። ትልቋም ልጄ ከዚያ ወዲህ «አያቴን አመጧት» ስትል አልሰማኋትም።

በመንገድ የቀሩትን ነፍሳቸውን ይማር፤ በመንገድ ላይ ያሉትን ያድርስልን። ቸር ይግጠመን።